የመኪና መለያ ቁጥር እንዴት ይነበባል? እንዴትስ ይመረመራል?

አንድ የሥራ ባልደረባችን የብዙ ዓመት ቁጠባቸውንና የእቁብ ገንዘባቸውን አንድ ላይ አድርገው ያገለገለች የቤት መኪና ገዙ። ሞተሯን አስነሥተው አዳመጡ፤ ጎማዎቿን አዩ፤ ለባለሙያም ሰጥተው አስነዱ። ሊብሬውን ግን ገልጠው የሻጩን ስም ብቻ አንብበው ዘጉት። ከጥቂት ወራት በኋላ ለዓመታዊው ምርመራ ሲቀርቡ፣ መርማሪው ከሻንሲው ላይ ያነበበው ቁጥርና በሊብሬው የሰፈረው ቁጥር በአንድ ቦታ ሳይገጥሙ ቀሩ። በብረቱ ላይ «ኤስ» የተባለው የላቲን ፊደል ሲታይ፣ በሊብሬው ግን በዚያው ቦታ 5 ቁጥር ተጽፎ ነበር። ሌላ ልዩነት አልነበረም። ሆኖም ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ቦሎ አልተሰጣቸውም፤ መኪናዋም ከግቢ ሳትወጣ ከረመች።

ባልደረባችን ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፈው ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል ይዘው ሲመጡ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ «የተሳሳተው የትኛው ነው? ብረቱ ተነካክቶ ይሆን ወይስ ጸሐፊው ተሳስቶ?» ጥያቄው የሂሳብ መምህራንን ሁሉ ሳበ። መልሱም በአንድ የትርፍ ጊዜ ውስጥ በእርሳስና በወረቀት ተገኘ። እንዴት እንደተገኘ ለመምህራንና ለተማሪዎች ለመግለጽ ስንል ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

1. የመለያ ቁጥር ምንድን ነው?

የመኪና ታርጋ ይለወጣል፤ ቀለም ይለወጣል፤ ባለቤትም ይለወጣል። ሞተር እንኳ ወርዶ በሌላ ይተካል። ሰው ስሙን ቢለውጥ የጣቱ አሻራ እንደማይለወጥ ሁሉ፣ መኪናም ከፋብሪካ ስትወጣ በአካሏ ላይ የተመታው ቁጥር እስከ መጨረሻው አብሯት ይኖራል። ይህ ቁጥር የተሽከርካሪ መለያ ቁጥር ይባላል። በአገራችን በተለምዶ የምንጠራው የሻንሲ ቁጥር በማለት ነው። ከሞተር ቁጥር ጋር መምታታት የለበትም፤ የሞተር ቁጥር የሞተሩ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ፋብሪካዎች ይህን መሰል ቁጥር በስፋት መጠቀም የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ1954 ወዲህ ነው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ስለሚጽፍ የአንዱን ቁጥር የለመደ ሰው የሌላውን ማንበብ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ለሁሉም የሚያገለግል ወጥ ሥርዓት አወጣ። አሜሪካም ከ1981 ሞዴል ጀምሮ የመኪና መለያ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች እንዲኖሩት ደነገገች። ስለዚህ ከዚያ በፊት በተሠራ መኪና ላይ አጠር ያለ ቁጥር ብናይ ሊያስደንቀን አይገባም።

የዚህ ቁጥር ጥቅም ለመኪና ገበያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1993 በኒውዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል ምድር ቤት በመኪና የገባ ቦምብ ፈንድቶ 6 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎች በፍርስራሹ መካከል የተጣመመ የብረት ስባሪ አገኙ፤ በስባሪው ላይ የመለያ ቁጥር ነበረበት። ቁጥሩን ተከትለው መኪናዋ የተከራየችበት ቤት ደረሱ። ተከራዩ «መኪናዋ ተሰርቃብኛለች፤ መያዣዬ ይመለስልኝ» እያለ ሲመላለስ ተያዘ። መኪናዋ ብትወድምም ቁጥሯ መሰከረ።

2. አሥራ ሰባቱ እንዴት ይነበባሉ?

በመኪናው ላይ የሚታዩት የላቲን ፊደላት ናቸው፤ እኛ ግን እዚህ በአማርኛ አጠራራቸው እንጽፋቸዋለን። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እናስታውስ፦ «አይ»፣ «ኦ» እና «ኪው» የተባሉት ሦስት ፊደላት በዚህ ቁጥር ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም። «አይ» ከ1፣ «ኦ» እና «ኪው» ደግሞ ከዜሮ ጋር ስለሚመሳሰሉ ሆን ተብለው ቀርተዋል። በአንድ ባለ 17 ቁጥር ውስጥ «ኦ» ተጽፎ ብናገኝ፣ አንድም የገለበጠው ሰው ዜሮውን ተሳስቷል፣ አንድም ቁጥሩ እውነተኛ አይደለም ማለት ነው።

አሥራ ሰባቱ በሦስት ክፍል ይከፈላሉ።

ሀ. ከ1ኛው እስከ 3ኛው፦ አምራቹን ይገልጻሉ። የመጀመሪያዎቹ ፊደላት አገሩን ያመለክታሉ። «ጄ» ጃፓን፣ «ደብልዩ» ጀርመን፣ «ኤል» ቻይና ነው። 1፣ 4 እና 5 አሜሪካን፣ 2 ካናዳን ያመለክታሉ። አንዳንድ ጊዜ ሁለተኛውን ፊደል ጨምሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ለምሳሌ «ኤም» ብቻውን አገር አይለይም፤ «ኤም» እና «ኤ» ሲሆን ሕንድ፣ «ኤም» እና «አር» ሲሆን ታይላንድ ነው። በደቡብ አፍሪካ የተሠራ ቶዮታ በ«ኤ» እና በ«ኤች» ይጀምራል። እንግዲህ ቶዮታ ሁሉ ከጃፓን ይመጣል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ሻጭ «ይህ ፒካፕ የጃፓን ሥራ ነው» ቢል፣ እውነቱን የሚናገረው የቁጥሩ መጀመሪያ ነው።

ለ. ከ4ኛው እስከ 9ኛው፦ የመኪናውን ዓይነት ይገልጻሉ። የአካሉን ቅርጽ፣ የሞተሩን ዓይነትና የመሳሰሉትን ፋብሪካው በራሱ ምስጢራዊ አጻጻፍ ያሰፍራል። ከእነዚህ መካከል 9ኛው ልዩ ሥራ አለው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ሐ. ከ10ኛው እስከ 17ኛው፦ ያችን አንዲት መኪና ከመሰሎቿ ይለያሉ። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ መኪናዎች 10ኛው የሞዴሉን ዓመት፣ 11ኛው የተገጣጠመችበትን ፋብሪካ፣ የቀሩት ደግሞ ተራ ቁጥሯን ያሳያሉ።

የሞዴሉ ዓመት አቆጣጠር እንዲህ ነው፦ «ኤ» 1980፣ «ቢ» 1981 እያለ ይቀጥልና «ዋይ» 2000 ላይ ይደርሳል። ከ2001 እስከ 2009 ከ1 እስከ 9 ባሉት አኃዞች ተጽፏል። ከ2010 ጀምሮ እንደገና ወደ «ኤ» ተመለሰ። በዚህ መሠረት «ኬ» 1989ም 2019ም ሊሆን ይችላል። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ የቤት መኪናዎች ይህን ጥርጣሬ የሚፈታው 7ኛው ቦታ ነው፤ አኃዝ ከሆነ ከ2010 በፊት፣ ፊደል ከሆነ ከ2010 ወዲህ ያለ ሞዴል ነው። ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑንም አንዘንጋ። በእኛ አቆጣጠር መስሎት ሒሳብ የሚሠራ ገዢ መኪናውን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያሳንሰዋል።

3. ዘጠነኛው አኃዝና ምርመራው

9ኛው ቦታ ስለ መኪናው ምንም አይናገርም። ሥራው የቀሩትን 16 መጠበቅ ነው። የመቆጣጠሪያ አኃዝ እንበለው። ስሌቱ እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ ፊደል ወደ አኃዝ ይለወጣል፦

1 — ኤ፣ ጄ
2 — ቢ፣ ኬ፣ ኤስ
3 — ሲ፣ ኤል፣ ቲ
4 — ዲ፣ ኤም፣ ዩ
5 — ኢ፣ ኤን፣ ቪ
6 — ኤፍ፣ ደብልዩ
7 — ጂ፣ ፒ፣ ኤክስ
8 — ኤች፣ ዋይ
9 — አር፣ ዜድ

አኃዞች እንዳሉ ይቀመጣሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱ በቦታው ማባዣ ይባዛል። ማባዣዎቹ ከ1ኛው እስከ 17ኛው ቦታ በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦

8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 10፣ 0፣ 9፣ 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2

ውጤቶቹ ሁሉ ይደመራሉ፤ ድምሩ ለ11 ይካፈላል። ቀሪው በ9ኛው ቦታ ካለው ጋር እኩል መሆን አለበት። ቀሪው 10 ከሆነ በአንድ ቦታ ሁለት አኃዝ መጻፍ ስለማይቻል «ኤክስ» ይጻፋል።

የባልደረባችንን ቁጥር እዚህ ማውጣት ተገቢ ስላልሆነ፣ ለትምህርት ያህል ራሳችን በፈጠርነውና የማንም መኪና ባልሆነ ቁጥር እንሥራ፦

1 2 3 ኤስ 4 0 ቢ 1 3 ኬ 5 0 0 1 2 3 4

«ኤስ»፣ «ቢ» እና «ኬ» እያንዳንዳቸው 2 ናቸው። ስናባዛ፦

1×8=8፤ 2×7=14፤ 3×6=18፤ 2×5=10፤ 4×4=16፤ 0×3=0፤ 2×2=4፤ 1×10=10፤ 3×0=0፤ 2×9=18፤ 5×8=40፤ 0×7=0፤ 0×6=0፤ 1×5=5፤ 2×4=8፤ 3×3=9፤ 4×2=8።

ድምሩ 168 ነው። 168 ለ11 ሲካፈል 15 ደርሶ 3 ይቀራል። በ9ኛው ቦታ ያለውም 3 ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ይገጥማል።

አሁን ባልደረባችን ላይ የደረሰውን ስሕተት በዚህ ቁጥር ላይ እንድገመው። በ4ኛው ቦታ «ኤስ» ቀርቶ 5 ይጻፍ። 2×5=10 የነበረው 5×5=25 ይሆናል። ድምሩ ወደ 183 ያድጋል፤ ለ11 ሲካፈል 7 ይቀራል። በ9ኛው ቦታ ግን 3 ነው ያለው። ስሕተቱ ወዲያው ተጋለጠ።

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ያደረግነውም ይኸንኑ ነበር። መኪናዋ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራች ስለነበረች ስሌቱ ይሠራባታል። ከብረቱ የተነበበው ቁጥር ገጠመ፤ የሊብሬው ቁጥር ሳይገጥም ቀረ።

4. ለምን 11 ሆነ?

ይህ ለሂሳብ ክፍለ ጊዜ ጥሩ ጥያቄ ነው። 11 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ማለት ከ1ና ከራሱ በቀር በሌላ አይካፈልም። አንድ አኃዝ ቢሳሳት ድምሩ የሚለወጠው በልዩነቱና በማባዣው ብዜት ልክ ነው። በምሳሌያችን ልዩነቱ 3፣ ማባዣው 5፣ ብዜቱ 15 ነበር። በሁለት አኃዞች መካከል ያለው ልዩነት ከ9 አይበልጥም፤ ማባዣዎቹም ከ10 አይበልጡም። ብቸኛ ቁጥር ደግሞ ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው የሚገኘውን ውጤት የሚያካፍለው ቢያንስ ከሁለቱ አንዱን ካካፈለ ብቻ ነው። ከ11 ያነሰ ቁጥር ዜሮ ካልሆነ በቀር ለ11 ያለ ቀሪ ስለማይካፈል፣ የስሕተቱ ብዜት ሁልጊዜ ቀሪውን ይለውጣል።

በችኮላ ስንጽፍ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞችን ማቀያየርም የተለመደ ስሕተት ነው። ጎረቤት ቦታዎች የተለያየ ማባዣ ያላቸው ለዚሁ ሲባል ነው። ሁሉም በአንድ ማባዣ ቢባዙ ኖሮ 34ን 43 ብሎ የጻፈ ሰው አይታወቅበትም ነበር።

ዘዴው የማይደርስበት ቦታም አለ። «ቢ»፣ «ኬ»፣ «ኤስ» እና 2 ዋጋቸው አንድ ስለሆነ አንዱ በሌላው ቢተካ ድምሩ አይነቃነቅም። ደግነቱ ለዓይን የሚመሳሰሉት ዋጋቸው የተለያየ ነው፦ «ኤስ» 2 ሲሆን 5 ግን 5 ነው፤ «ቢ» 2 ሲሆን 8 ግን 8 ነው፤ «ዜድ» 9 ሲሆን 2 ግን 2 ነው።

5. ስሌቱ የማይፈርድባቸው መኪናዎች

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመቆጣጠሪያ አኃዝ ግዴታ የሆነው በሰሜን አሜሪካና በቻይና ነው። ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪናዎች በ9ኛው ቦታ ሌላ ነገር ይጽፋሉ። ለምሳሌ በአውሮፓ የተሸጡ የቮልስዋገን መኪናዎች በዚያ ቦታ ብዙ ጊዜ «ዜድ» አላቸው፤ ቦታ መሙያ እንጂ የስሌት ውጤት አይደለም። እንዲህ ያለው ቁጥር አልገጠመም ተብሎ ሻጩን ሌባ ማለት ሰውን ያለ ጥፋቱ መወንጀል ነው።

በጃፓን አገር ውስጥ ገበያ የተሸጡ መኪናዎች ደግሞ ከነጭራሹ ባለ 17 ቁጥር የላቸውም። የሞዴሉ መለያ፣ ከዚያ ጭረት፣ ከዚያ ተራ ቁጥር ያለበት አጭር የሻንሲ ቁጥር ነው ያላቸው። በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ መንገዶች ላይ የሚታዩት መሪያቸው በቀኝ የሆነ ያገለገሉ የጃፓን መኪናዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።

በአንጻሩ ስሌቱ ስለገጠመ ብቻ መኪናው ንጹሕ ነው ማለትም አይቻልም። በዘፈቀደ የተጻፈ ቁጥር እንኳ ከ11 አንድ ጊዜ ያህል ሊገጥም ይችላል። ከዚህም የከፋው፣ አጭበርባሪ የሌላ ተመሳሳይ መኪና እውነተኛ ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ሊመታ ይችላል። ያ ቁጥር ምንጊዜም ይገጥማል። ስሌቱ የሚይዘው የጸሐፊን ስሕተት ነው፤ ሌባን የሚይዘው ዓይንና መዝገብ ነው።

6. መኪናው አጠገብ ሆነን ምን እንመርምር?

አንደኛ፣ ቁጥሩን ከራሱ ከመኪናው ላይ በቀን ብርሃን እናንብብ። ደላላው ከሊብሬ ገልብጦ የሰጠን ወረቀት ምርመራ አይሆንም። በብዙ የቤት መኪናዎች ቁጥሩ ከፊት መስተዋት ሥር፣ በዳሽቦርዱ ጥግ ከውጭ ይታያል፤ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይም ይለጠፋል። ኮፈኑ ሲከፈት ሞተሩንና ተሳፋሪውን በሚለየው ግድግዳ ላይ ወይም ከፊት ወንበር ሥር ተመትቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በፒካፖችና በጭነት መኪናዎች ግን ብዙውን ጊዜ በሻንሲው ብረት ላይ፣ በፊት ጎማ አካባቢ ነው። ጭቃውን በጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፤ በሞረድ ወይም በብረት ብሩሽ መፋቅ ግን ማስረጃ ማጥፋት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ከአንድ በላይ ቦታ ከተገኘ ሁሉም አንድ መሆናቸውን እናረጋግጥ።

ሦስተኛ፣ ከሊብሬውና ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር ፊደል በፊደል እናስተያይ። ለሁለት ሰው የተመቸ ሥራ ነው፤ አንዱ ከብረቱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በወረቀቱ ላይ በጣቱ ይከተላል። የሞተሩም ቁጥር እንዲሁ ይታይ።

አራተኛ፣ ብረቱን ራሱን እንመልከት። የፋብሪካ ቁጥር መጠኑና ርቀቱ የተስተካከለ ነው። አንዱ ፊደል ገባ፣ ሌላው ወጣ ካለ፣ በቁጥሩ ዙሪያ የሞረድ ጭረት ወይም የብየዳ ጠባሳ ካለ፣ በዚያ ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ግዢው ይቆይ።

አምስተኛ፣ ውል ከመዋዋላችን በፊት መኪናው በተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ፋይሉ እንዲታይ እንጠይቅ። የተገለበጠ ቁጥር የሚያዘው እዚያ ነው። ዕዳና እገዳ መኖሩም በዚያው ይታወቃል።

በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በገበያው በዝተዋል፤ ከቻይና የሚመጡትም በ«ኤል» ይጀምራሉ። በቻይና የመቆጣጠሪያ አኃዙ ግዴታ ስለሆነ ከላይ ያሳየነው ስሌት ለእነዚህም ይጠቅማል።

ወደ ባልደረባችን እንመለስ። ስሌቱ ሊብሬውን አላረመላቸውም፤ ማንም መሥሪያ ቤት በመምህራን ወረቀት መዝገብ አይለውጥም። ነገር ግን ጥርጣሬውን ከብረቱ አንሥቶ ወደ ወረቀቱ አዛወረው፤ ወዴት መሄድ እንዳለባቸውም አመለከተ። ዲክላራሲዮኑ ከፋይል ወጥቶ ሲታይ በ4ኛው ቦታ «ኤስ» ተጽፎበታል። ስሕተቱ የተፈጠረው ከዚያ ወደ ሊብሬው ሲገለበጥ ነበር። ሻጩም ንጹሕ፣ ገዢውም ንጹሕ ነበሩ። እንዲያም ሆኖ እርማቱ ወራት ፈጀ። ከመግዛታቸው በፊት አሥር ደቂቃ ወስደው ቁጥሩን ቢያስተያዩ ኖሮ ግን እርማቱ የሻጩ ሥራ በሆነ ነበር።

ለክፍል ሥራ

መምህራን ተማሪዎችን ይዘው የትምህርት ቤቱን ወይም የአንድ መምህር መኪና ባለቤቱን አስፈቅደው ሊያሳዩ ይችላሉ። በተመታው ቁጥር ላይ ስስ ወረቀት አድርጎ በእርሳስ ጎን ቀስ ብሎ ማሸት ፊደላቱን አጉልቶ ያወጣቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚከተሉት ይሠሩ።

1. አሥራ ሰባቱም ቦታ 1 የሆነ ቁጥር በስሌቱ ይገጥማልን?
2. በምሳሌያችን ቁጥር በ5ኛውና በ6ኛው ቦታ ያሉት 4 እና 0 ቦታ ቢለዋወጡ በ9ኛው ቦታ ምን መጻፍ ነበረበት?
3. በዚያው ቁጥር በ7ኛው ቦታ «ቢ» በ«ኬ» ቢተካ ስሕተቱ ይታወቃልን? ለምን?

መልስ፦ 1. ይገጥማል፤ ድምሩ 89፣ ቀሪው 1 ነው። 2. ድምሩ 164፣ ቀሪው 10 ስለሚሆን «ኤክስ» መጻፍ ነበረበት፤ ቁጥሩ 3 ስለሚል ስሕተቱ ይታወቃል። 3. አይታወቅም፤ ሁለቱም ፊደላት ዋጋቸው 2 ስለሆነ ድምሩ አይለወጥም። ይህን የሚይዘው ፊደል በፊደል ማስተያየት ብቻ ነው።